በቤቴ ስለተገመቱት የወይዘሮ ደብሪቱ ወንበሮች

ለክቡር አቶ በሪሁን
የሐርጌሳ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ጅግጅጋ ያር

ኅዳር 1995 ዓ.ም.

ክቡር ሊቀመንበራችን፣

እንደምን ሰንብተዋል? የወገብዎ ሕመም ቀለል እንዳለልዎ፣ ቤተሰብዎ በደኅና እንደሚገኝ፣ በበርበራ መንገድ የሚመላለሱት የጭነት መኪናዎችዎም ጎማ ሳይፈነዳባቸው እንደሚደርሱ ተስፋ አደርጋለሁ። ሐኪሙ መቀመጥ እንዳያበዙ እንደመከረዎ ሰምቼ ከልብ አዝኛለሁ። ሊቀመንበር የሆነ ሰው ሳይቀመጥ እንዴት አድርጎ እንደሚመራን ሐኪሙ ያሰበበት አይመስለኝም።

ክቡርነትዎ ያውቁኛል። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመው ለሚያነቡት ግን ማንነቴን ልናገር። ታዴዎስ እባላለሁ፤ ከሚኒባሶቹ ማቆሚያ ፊት ለፊት «የሒሳብና የግብር ምክር፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ የሰቀልኩት ሰው ነኝ። ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ሒሳብ ልሠራ መጥቼ፣ ኮንትራቴ ሲያልቅ እዚሁ ቀርቼ፣ ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤትና ልብስ ስፌት ላላቸው ወገኖቼ የሱቅ ሒሳብ አያያዝ እያስተማርኩ እኖራለሁ። የሱቁን ኪስና የጓዳውን ኪስ ለዩ እላቸዋለሁ። ዕቁብ ሲወጣላችሁ ትርፍ አገኘን ብላችሁ አትደሰቱ፣ የራሳችሁ ገንዘብ ነው የተመለሰላችሁ እላቸዋለሁ። በዱቤ የሰጣችሁትን እንደተሸጠ ጻፉት፣ እንደተከፈለ ግን አትጻፉት እላቸዋለሁ። ይህ ሁሉ ትክክለኛ ምክር ነው፤ አሁንም አልክደውም። የምጽፍልዎ ትክክል ስላልሆነው ምክሬ ነው።

ስለ ወንበር የሚጻፍ አቤቱታ ለሊቀመንበር ካልቀረበ ለማን ይቀርባል ብዬ ነው በቀጥታ ለክቡርነትዎ የጻፍኩት። የተቀመጥኩበት ወንበር ባለ ክንድና የሚመች ስለሆነ ደብዳቤዬ ቢረዝም ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቃሉ።

ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ያወጡትን ማስታወቂያ ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «በመጪው ሐሙስ የአባላት ንግድ ቤቶች ግምት ስለሚካሄድ እያንዳንዱ አባል ቤቱን ከፍቶ እንዲጠብቅ በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል። ለአጭርነቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ግምቱ ለምን እንደሆነ ቢጨመርበት ኖሮ ሁለት ወይም ሦስት ቃል የሚሆን ቀለም ይባክን ነበር፤ ማኅበሩ ደግሞ ቆጣቢ ነው።

ግምት የሚለውን ቃል የሰማ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ምን እንደሚሰማው ለክቡርነትዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ራስዎም ድሬዳዋ ውስጥ ሱቅ ነበረዎት። ገማቹ ደጅ ላይ ይቆማል፣ መደርደሪያውን ያያል፣ የሚገባና የሚወጣውን ሰው ያያል፣ ከዚያ የቀን ሽያጭህ ይህን ያህል ነው ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ የሚከፍለው ለሸጠው ሳይሆን ለታየበት ነው። ስለዚህ ግምት ሊመጣ ነው ሲባል ስኳሩ ጎረቤት ቤት ይገባል፣ ጥሩ ጥሩው ዕቃ አልጋ ሥር ይሄዳል፣ ባለሱቁም ፊቱን አጨማዶ በር ላይ ይቀመጣል። ድንበር ተሻግረን በሌላ ገንዘብ እየነገድን፣ ለሌላ አገር ቀረጥ እየከፈልን ብንኖርም፣ ያን ቃል ከነፍርሃቱ ይዘነው መጥተናል።

ክቡርነትዎ ግን ግምት ሲሉ ግብር ማለትዎ አልነበረም። በአዲሱ ገበያ ለማኅበራችን የተሰጡትን ሱቆች ለማደል የየአባሉን የንግድ ቤት ስፋት ለማወቅ ነበር። ሰፊ ሆኖ ለታየ ሰፊ ሱቅ፣ ጠባብ ሆኖ ለታየ ጠባብ። ይህን ያወቅነው ሁላችንም በአንድ ቀን፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሁላችንም ስል ከክቡርነትዎ በስተቀር ማለቴ ነው። በዚያ ሐሙስ በሐርጌሳው ጅግጅጋ ያር ሰፈር ከሚገኙት ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች መካከል መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ጢም ብሎ የተገኘው የክቡርነትዎ ብቻ ነበር። መጋዘንዎን የገመቱት ራስዎ መሆንዎም የኮሚቴውን ጊዜ ቆጥቧል፤ ለዚህም እናመሰግናለን።

በዚህ ነጥብ ላይ ክቡርነትዎን ብቻ ብወቅስ ግን ውሸታም እሆናለሁ። ማስታወቂያው እንደወጣ አባላቱ ተራ በተራ ወደ እኔ መጡ፤ የግብር አማካሪ ነኛ። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደረጃ ከኔ በር ይታያል። ተሻግሬ «ይህ ግምት ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም፤ የሚጠይቅ አማካሪ የማያውቅ ይመስላልና። ይልቅስ እግሬን አነባብሬ፣ ግምት ሲመጣ ቤት ይጠባል እያልኩ መከርኩ፤ የምክሩንም ዋጋ ተቀበልኩ። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናዎቻቸውን በአንሶላ ሸፍነው ጓዳ ያስገቡት በኔ ምክር ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ወይዘሮ ደብሪቱ።

ወይዘሮ ደብሪቱን የማያውቅ ሹፌር በበርበራ መንገድ ላይ የለም። ከኔ አራት በር ወዲያ፣ በጦርነቱ ግማሹ በፈረሰ የድንጋይ ቤት ውስጥ ምግብ ያበስላሉ። ቤቱን ሲከራዩት ግድግዳ እንጂ ጣሪያ አልነበረውም፤ ቆርቆሮውን ያለበሱት እሳቸው ናቸው። ወንበሮቹንም አንድ በአንድ ነው የገዟቸው፤ አንዱን ከሚዘጋ ቢሮ፣ አንዱን ከሚሄድ ፈረንጅ፣ አንዱን ከአናጺ፤ በዚህም የተነሳ ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም። ሹፌሮቹ ከወደብ ሲመለሱ ፓስታውንም ሽሮውንም በልተው፣ ለቤተሰብ የሚላክ መልእክት ተቀባብለው፣ እዚያው ወንበራቸው ላይ ያንቀላፋሉ።

የቤቱ ባለቤት ዓብዱላሂ በዚህ ዓመት ከውጭ አገር ተመልሷል። ጨዋ ሰው ነው፤ የአባቱን ቤት አፍርሶ ሊሠራ መጣ፣ ወይዘሮ ደብሪቱንም እስከዚህ ወር መጨረሻ እንዲቆዩ ነገራቸው። ከተማው ሁሉ እየፈረሰ በሚሠራበት ጊዜ ለምን የአባትህን ቤት ትሠራለህ አይባልም። ስለዚህ ወይዘሮ ደብሪቱ ተስፋቸው አዲሱ ገበያ ብቻ ነበር። እዚያ ሱቅ ካገኙ ይቀጥላሉ፤ ካላገኙ ያከትማል። ይህን ክቡርነትዎ ያውቁ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር።

ማስታወቂያውን በሰሙ ዕለት መጥተው፣ ገበያው ሳይከፈት ግብሩ ቀደመኝ ብለው አማረሩልኝ። እኔም መከርኳቸው። ሁለት ወንበርና አንድ አግዳሚ ይቅር፣ ሌላው ይሽሽ አልኩ። ማቀዝቀዣው ይውጣ አልኩ። ይባስ ብዬ ደግሞ የሒሳብ መዝገቡንም ደብቁት አልኳቸው። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል። ያንን መዝገብ ያስጀመርኳቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ለሽንኩርት የወጣውንና ለልጃቸው የላኩትን አንድ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ስንት ምሽት ተቀምጠን ለየነው። በየቀኑ ስንት ሰው እንደበላ፣ ማን በዱቤ እንደበላ፣ ማን እንደከፈለ፣ አንድም የተሸሸገ ነገር የሌለበት መዝገብ ነበር። በሐርጌሳ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከሱ የጠራ ሒሳብ የለም። የሒሳብ ሰው ሆኜ፣ በሕይወቴ ካስተማርኩት ሁሉ ያማረውን ሥራ ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቅበሩት ያልኩ እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ደብሪቱ አልተከራከሩኝም። የተማረ ሰው የነገራቸውን መቃወም አይወዱም። ወንበሮቹንና ማቀዝቀዣውን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በጋሪ አስጭነው ወደ እኔ ቤት አመጧቸው። ዕቃው እኔ ዘንድ የሸሸበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ምክር በዓይን የሚታይ ዕቃ ስላልሆነ የኔን ቤት ማንም አይገምትም ብዬ አስቤ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ አቆጣጠሩ።

ሐሙስ ጠዋት ክቡርነትዎ ከጸሐፊያችን ከአቶ ሀሚድ ጋር፣ ፋይልዎን በብብትዎ ይዘው፣ ከሁሉ አስቀድመው የኔን በር ስላንኳኩ ያደረብኝ ክብር እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ወንበሮቹን ለመደራረብ ጊዜ ስላልነበረኝ በረድፍ በረድፍ እንደተደረደሩ ቆመው ነበር። አቶ ሀሚድ ወደ ውስጥ ሲያዩ ዓይናቸው በራ።

«ማሻአላህ፣» አሉ፤ «ታዴዎስ፣ ትምህርት ቤት ከፍተሃል እንዴ?»

እኔም «አዎ» አልኩ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ከተናገርኩት ሁሉ ስህተት የሆነው ያቺ አንዲት ቃል ናት፤ ሌላው ሁሉ እሷን ተከትሎ የመጣ ነው። የወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው ብል ግብሩን ወደ እሳቸው የምመራ መሰለኝ። ልከላከልላቸው ብዬ ነው የዋሸሁት። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ሰው ለሌላ ሰው ብሎ የዋሸውን ውሸት ትርፉን ራሱ ሲያገኘው እንዴት እንደሚጣፍጠው እንዲያውቁልኝ ነው። ወይም ምናልባት ያውቁት ይሆናል።

ማቀዝቀዣው ለተማሪዎች ውኃ ነው አልኩ። ቢከፍቱት የፍየል ሥጋ ያገኙ ነበር፤ አልከፈቱም። ለተማሪ የተዘጋጁ ወንበሮች ሁለቱ እንኳ ለምን እንደማይመሳሰሉ አልጠየቁም። ክቡርነትዎ ወገብዎን ለማሳረፍ ከፊተኛው ረድፍ አንዱ ላይ ጥቂት ተቀምጠው ሲነሱ፣ በግራጫ ሱሪዎ ላይ የሽሮ ምልክት ቀርቶ ነበር። ማስረጃው በክቡርነትዎ መቀመጫ ላይ ታትሞ ጎዳናውን ሁሉ አብሮዎት ዞረ። ሒሳብ የሚማር ሰው ሽሮ ለምን ያፈሳል ብሎ የጠየቀ የኮሚቴ አባል አለመኖሩን ስመለከት፣ ማኅበራችን ሰውን ምን ያህል እንደሚያምን ተረድቼ ልቤ ተነካ።

በቅጹ ላይ የሰፈረው እንዲህ ይላል፤ የሒሳብ ማሠልጠኛ፣ ሃያ አራት የተማሪ ወንበር፣ አንድ የመምህር ወንበር፣ አንድ ማቀዝቀዣ። እውነቱን ለማስተካከል ያህል፣ የመምህሩ ወንበር የኔ ነው። ሃያ አራቱ ወንበሮችና ማቀዝቀዣው ግን የወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ከኔ ወጥተው አራት በር ሲሄዱ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ በሁለት ወንበርና በአንድ ድስት መካከል፣ ያለቻቸውን አሮጌ ቀሚስ ለብሰው ጠበቁዎት። ሥራው ሞቷል፣ እንዲያው ጾሜን እንዳላድር ነው ብለው ነገሩዎት። ይህን አነጋገር ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲናገሩም የመከርኳቸው እኔ ነኝ። በዚያ ሰዓት ለቁርስ የመጡ ሦስት ሹፌሮች በዓይን ተጠቅሰው ከበር ተመልሰዋል። ክቡርነትዎም ለሁለት ዓመት ምሳዎን የበሉበትን ቤት «ሻይ ቤት፣ ጊዜያዊ» ብለው ጻፉት። ለዓይንዎ ታማኝ መሆንዎን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ሆድዎ የሚያውቀውን እንኳ አላዳመጡትም።

አራተኛ፣ ስለ ጭብጨባው።

ድልድሉ በስብሰባ ሲነበብና ግምት ማለት ምን እንደነበረ ሲገለጥ በአዳራሹ የነበረውን ማጉረምረም ያስታውሱታል። ልብስ ሰፊዎቹ ለአንድ የስፌት መኪና የሚበቃ ቦታ ደረሳቸው፤ የቀሩትን ግን አሁንም በየቤታቸው ጓዳ እያሽከረከሩ ነው፣ ቤት አላቸውና። ቀጥሎ የማዕዘኑ ሱቅ፣ ሁለት በር ያለው፣ ወደ መኪና መንገዱ የሚያየው፣ «ለታዴዎስ የሒሳብ ማሠልጠኛ» ተብሎ ተነበበ። ክቡርነትዎ ትምህርትን ስለማበረታታት አጭር ንግግር አደረጉ። ተጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ፤ ተመስገን አልኩ፤ ቁልፉን ተቀበልኩ። ከመቀመጫዬ እስከ ጠረጴዛዎ ድረስ ስሄድ አፌን ለመክፈት በቂ ጊዜ ነበረኝ።

ለወይዘሮ ደብሪቱ የደረሳቸው ከገበያው በስተጀርባ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ሻይ እንኳ ቢፈላበት ነፋስ እሳቱን የሚያጠፋበት መደብ ነው። ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። እሳቸውም አጨበጨቡልኝ።

በማግሥቱ ምሳ ይዘውልኝ መጡ። ቅጹን አላዩም፤ ሱቁ የተሰጠኝ ስለተማርኩ ይመስላቸዋል። ሳህኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወንበሮቻቸውን በዓይናቸው ቆጠሩ።

«ላንተ መድረሱ ደስ ብሎኛል ታዴ፤» አሉኝ። «እኔ መቼም ካልመጣው ግብር አምልጫለሁ። ወሩ እስኪያልቅ ወንበሮቹን አቆይልኝ፣ ከዚያ እሸጣቸውና ከሹፌሮቹ ጋር ወደ አገር ቤት፣ ወደ ጅግጅጋ እመለሳለሁ። አንዱን በስንት ብሸጠው ይሻላል? አንተ ታውቃለህ።»

ዋጋ ነገርኳቸው። ክቡር ሊቀመንበር፣ ዋጋ ነገርኳቸው፤ ያረጁትን ከአዲሶቹ ለይተው እንዲሸጡም መከርኳቸው። ከዚያ ምሳውን በላሁ፤ ሳህኑን ጠርጌ ነው የመለስኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በበራቸው ፊት ለፊት አላልፍም፤ በቆሻሻ መጣያው በኩል ዞሬ ነው የምሄደው። ሲያዩኝ ደግሞ ጠፋህ ይሉኛል፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላቸዋለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ አቤቱታው።

ክቡርነትዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነገሩን ሳጫውትዎ ያሳዩኝን አባታዊ ትዕግሥት አልረሳም። አቤቱታ የሚቀርበው በተጎጂው ነው አሉኝ። ተጎጂዋ ቅር ብሏቸዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላወቁም አልኩ። እንግዲያው ቅሬታ የለም ብለው መለሱልኝ። ይህን የመሰለ ጥርት ያለ ሎጂክ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ አልሰማሁም፤ ሰው እንዳይጎዳ ዋናው መንገድ እንዳያውቅ ማድረግ እንደሆነ ያስተማሩኝ ክቡርነትዎ ነዎት።

ሱቁን ብመልስስ ብዬ ስጠይቅ፣ ለመጀመሪያው ተጠባባቂ ይሄዳል አሉኝ፤ የመጀመሪያው ተጠባባቂ ደግሞ የባለቤትዎ ወንድም ናቸው። ስለዚህ አንተ ብትተወውም ለደብሪቱ አይደርሳቸውም፣ ልጄ፣ የተሰጠህን ያዝ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ያ ምክር እንዴት እንደተመቸኝ ልደብቅዎ አልችልም። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። ያሰብኩት ግን በሮቹን በምን ቀለም እንደማስቀባቸው ነበር።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔም አማካሪ ነኝና ለምክርዎ አጸፋ አንድ ምክር ያለ ክፍያ ልስጥዎ። የሒሳብ ሥራ የመጀመሪያ ትምህርት የራስን ከሰው መለየት ነው። አደራ የተቀመጠ ዕቃ የባለአደራው ሀብት ተብሎ አይጻፍም፤ ተጽፎ ከተገኘ ይሰረዛል፣ ባለቤቱም ስም ይጻፋል። ይህን ለማድረግ ስብሰባ አያስፈልግም፤ እስክሪብቶ ይበቃል። ወይዘሮ ደብሪቱ አዲስ ጥያቄ አቅራቢ አይደሉም፣ ተጠባባቂም አይደሉም። በተገመተው ዕቃ መሠረት የማዕዘኑ ሱቅ ከመጀመሪያውም የደረሰው ለሳቸው ነው፤ የተሳሳተው ስሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቁን እየመለስኩ አይደለም፤ ስሙን እያረምኩ ነው። የባለቤትዎ ወንድም የስም እርማት ይጠብቁ እንደሆነ ግን አላውቅም።

የቃሌን እውነትነት ለማረጋገጥ ያንን መዝገብ ከዱቄት ጆንያው አስወጥቼ ለማንም ላሳይ ዝግጁ ነኝ፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ከፈቀዱ። በማኅበራችን ደንብ መሠረት ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ አባል ከአባልነት እንደሚሰረዝ አውቃለሁ፤ ደንቡን በፎቶ ኮፒ ያባዛሁት እኔ ነኝ። ይሰርዙኝ። ከዚህ በኋላ ምስጢሩን በሰሌዳ ላይ ለሚለጥፍ የግብር አማካሪ ሒሳቡን የሚያሳይ ነጋዴ እንደማይኖርም አውቃለሁ። ፎቶ ኮፒው ይቀርልኛል። የማዕዘኑ ሱቅ ቁልፍ ከዚህ ደብዳቤ ሥር በሚስማር ተሰቅሏል። ክቡርነትዎ ወርደው አንሥተው ለማን እንደሚሰጡት በሰሌዳው ፊት የሚቆመው ሰው ሁሉ ያያል። የዓብዱላሂ ሠራተኞች ቆርቆሮውን የሚያነሱት በወሩ መጨረሻ ነውና፣ ወገብዎን ቢያስጨንቅም እንኳ ቶሎ ቢወርዱ መልካም ነው።

ለማኅበሩ ስላደረጉት ሁሉ፣ ለአባላትም ስላለዎት ከፍ ያለ ግምት፣ በራሴና በተገመቱት ሁሉ ስም አመሰግናለሁ። ጤና፣ ዕድሜና የማይቆረቁር መቀመጫ ይስጥልኝ እያልኩ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የማዕዘኑ ሱቅ ባለቤት ተብሎ የተጨበጨበለት፣
ታዴዎስ

ተጨማሪ፤ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ወይዘሮ ደብሪቱ ከሰሌዳ ላይ ከሚሰሙት ከኔ እጅ ይቀበሉት ብዬ ወሰድኩላቸው። በራቸው ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ተቆጥተው ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ አልሰደቡኝም። ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝና «ሃያ አምስት ናቸው ታዴ፤» አሉኝ። «ባለ ክንዱም የኔ ነው። ያንተ እግሩ ተሰብሮ አናጺ ዘንድ ነው ያለው።» ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ። ቤቴ ተመልሼ ሳየው እውነታቸውን ነው፤ ክንዱ ላይ የሹፌሮቹ ሲጋራ ያቃጠለው ቦታ አለ። ይህን ሁሉ አቤቱታ በሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጽፌዋለሁ፤ ይህችን ተጨማሪ ግን ቆሜ ነው የጻፍኳት። ክቡርነትዎ የሚያነቡት ተቀምጠው እንደሚሆን እገምታለሁ።